ቀጭኑ ግድግዳ

ጥይቱ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

ልጅቷ እንደገና ተኮሰች። ቆመ። ፍጥነቱን እጥፍ፣ ከዚያም አሥር እጥፍ አደረገችው፤ አሁንም ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ከወንበሯ ብድግ ትል ነበር። ዛሬ ግን ተቀምጣ ቀረች፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የመጀመሪያው፣ ገና ያልወፈረው ቀጭኑ ግድግዳ ነውና።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የሚሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ጥይት ግድግዳውን እንደሌለ ቆጥሮ ሲያልፍ፣ አለቃቸው «የማን ጥፋት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስብሰባ ላይ ቃል የማይወጣት ልጅ ያን ቀን አፏ ተፈታና «ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ሠዓሊ፣ ቢሮው ሁሉ «ግንበኛው» የሚለው ሰው፣ ግድግዳዎቹን ለማወፈር የጨዋታውን ከተማ እያፈረሰ ይገነባል። በሮቹ ጠበቡ፤ መስኮቶቹ ጠፉ። አለቃው ትናንት «ግንበኛውን ለሚቀጥለው ሥራ አንይዘውም» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች።

ጥይቱን የሚያንቀሳቅሰው የእሷ ኮድ፣ ጥይቱ አሁን የት እንዳለ፣ ከቅጽበት በኋላም የት እንደደረሰ ይጠይቅ ነበር። በመካከል ምን እንደቆመ ግን ጠይቆ አያውቅም። ፈጣን ጥይት ደግሞ አንዴ ከግድግዳው ወዲህ ነው፣ አንዴ ከወዲያ። ዛሬ ጠዋት መንገዱን በሙሉ የሚፈትሽ አራት መስመር ጻፈች፤ አለቀ።

«እህቴ፣ ነይማ እይልኝ!» ግንበኛው ከጀርባዋ ቆሟል። ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። «የመጨረሻውን ግድግዳ ጨረስኩት። አሁንስ ጥይት ቀርቶ ወሬ አያሳልፍም!»

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። በወፍራሙም ሆነ በቀጭኑ ጥይቱ ይቆማል።

«ጋሼ» አለች። ድምጿ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። «ግድግዳው አልነበረም።»

«ምኑ?»

«ጥፋቱ። የእኔ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። የገዛ ግድግዳውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ለአለቃ አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለች ቶሎ ብላ።

«ያን ቀን ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት ነበር ያልሽው።»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «በተሰበሰቡበት እናገራለሁ።»

ግንበኛው ወንበሯን ሲስብ ተነሣችለት፤ ተቀመጠና ተኮሰ። ጥይቱ ቆመ። ደግሞ ተኮሰ፤ ቆመ። ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ፣ ቀጭኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ተኮሰበት። ልጅቷ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ከጀርባው ቆማ ነበር።