የመጨረሻው ስንጥቅ

ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ልጆቼ።

አናጢው ከሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር አሮጌዋን መርከብ ይጠግን ነበር፤ ታናሽ ወንድሙን ይዛ ሰጥማ፣ ባዶዋን የወጣችውን። ስንጥቆቿ ዛሬ ተደፍነው ካላለቁ ነገ ለማገዶ ትፈርሳለች።

እሱ ከውጭ ሬንጅ የተነከረ ገመድ በየስንጥቁ በመዶሻ ይወትፋል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከውስጥ ዳብሶ፣ መጥበቁን በማንኳኳት ይነግረዋል። የመጨረሻው ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ከውስጥ ተንኳኳ።

«ጎሽ ሰፊው፣ ዛሬስ አልተኛህም» አለ አናጢው።

«ማን ተኛ? ሻይ ላመጣልህ ወጥቼ ነው እንጂ» አለ ልብስ ሰፊው ከጀርባው፣ ብርጭቆ ይዞ።

ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አናጢው ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጠፈ።

«ወንድም ጋሼ» አለ የሚያውቀው ድምፅ፣ «እኔ ሳልወጣ ትደፍነዋለህ?»

በመዶሻው መምታትም፣ መዶሻውን ማስቀመጥም አቃተው።

ያን ታናሽ ወንድም እናንተ እንኳ አስታውሱት፣ ልጆቼ።