አንዱ በር

መጀመሪያ ማን ይገባል? አጋታ መልሱን አታውቀውም ነበር። ባሕር ማዶ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ተመልሳ የነደፈችው አዲሱ ክብ የሜኖናይት ክርስቲያኖች ጸሎት ቤት አንድ ሰፊ በር ብቻ ነበረው። አባቷ በሠራው በአሮጌው ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወንዶች በቀኙ በር፣ ሴቶች በግራው ሲገቡ ኖረዋል። ሽማግሌዎቹ፣ ሕዝቡ አልገባም ካለ ሰኞ ግድግዳው ፈርሶ ሁለተኛ በር እንደሚወጣ ነግረዋታል። አሁን ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ሆነው በደረቁ የቻኮ ሜዳ ፀሐይ ቆመዋል፤ የሚንቀሳቀስ የለም።

“ባርኔጣዬንስ የት ልሰቅለው ነው?” አለ መዝሙር መሪው ኮርኔልየስ።

“መስቀያው በግድግዳው ዙሪያ ነው ጋሼ፤ ደስ ባለዎት ቦታ።”

ሚስቱ ሱዛና ከሴቶቹ መሐል ወጣች። “አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት በአንድ አልጋ ስንተኛ አልከበደህም። በአንድ በር መግባት ነው ያቃተህ?”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ወንዶቹም መሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም። ኮርኔልየስ ባርኔጣውን አውልቆ ለሚስቱ አቀበላት፤ ከዚያ ክንዷን ይዞ እየዘመረ ገባ። ሕዝቡም ወንድ ሴት ሳይል ተቀላቅሎ ተከተላቸው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በአራት ድምፅ የተዘመረው መዝሙር ክቡን ጣሪያ ሞልቶ ተመለሰ። የሱዛና ቀጭን ድምፅ ከባሏ ወፍራም ድምፅ ጎን ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ያን ቀን ነው።

አጋታ ደጃፉ ላይ ቀርታ የበሩን ቀይ ሳንቃ በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ፣ ተቆጥቶ ቤቱ ለቀረው አባቷ ጻፈች፦ “አባዬ፣ ሁሉም ገቡ። በሩን ያሠራሁት ከአንተ ሁለት በሮች ሳንቃ ነው።”