በአንድ አስረኛ

ወይዘሮ እቴነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እህል አልቀምስ ብለው ነበር። የሰው ስሜት ከጆሮ ሥር በምትቀበር ቅንጣት ላይ በቁጥር ተደርድሮ በሚጻፍበት በዚያ ዘመን፣ ልጃቸው ረድኤት ጨከነችና በስልኳ ሐዘናቸውን በአንድ አስረኛ አባዛችው። ቸኩላ ግን የሐዘኑን ቁጥር ሳትለይ ድርድሩን በሙሉ ነበር ያባዛችው። ሐዘኑ ሲመነምን ፍቅሩም አብሮ መነመነ።

እናቷ አሁን ይበላሉ፤ ይተኛሉም። ዛሬ ረድኤት ድስት ስታወርድ ጣቷን ፈጃት። ድሮ እንቅፋት እንኳ ሲመታት «እኔን!» የሚሉት እናት ቀና ብለው አዩና «ውኃው እዚያ ነው» ብለው ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

ረድኤት ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ አጥፍቻለሁ። በአስር ላባዛውና እንደነበርሽ ልመልስሽ።»

«ለቅሶውም ይመለሳል?»

«አብሮ ነው የሚመለሰው።»

«እኔስ ደህና ነኝ» አሉ እናቷ፤ «አንቺ ካልሽ ግን እሺ።»

ረድኤት አንገቷን ደፍታ አባዛችው።

ቢላው ከእጃቸው ወደቀ። «እኔን ልጄን!» ብለው ጣቷን ያዙና እፍ አሉበት። ወዲያው ዓይናቸው በሩ ሥር ካለው የባላቸው ጫማ ላይ አረፈ። እፍ ማለታቸውን አቆሙ፤ ጣቷን እንደያዙ ማልቀስ ጀመሩ።