ግድግዳውን የሚደበድበው ማነው?

ዷ! ዷ! ዷ!

"ይኸው ጀመረው!" አሉ ሐጃ ኢንሷፍ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽናቸውን ትተው ዘነዘና አነሱ... ወለሉን መልሰው ወቀጡት።

እስክንድርያ ውስጥ ከሳቸው በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ይህን ጦርነት ስድስት ዓመት አድምጬዋለሁ።

ከሳቸው በታች የሚኖሩት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ረፍዓት ናቸው። ብቻቸውን።

ሐጃ እንደሚሉት፣ ሰውየው ግድግዳ የሚደበድቡት በምቀኝነት ነው።

"ቧንቧ ስዘጋ... ዷ! ማሽኑ ውሃ ሞልቶ ሲያቆም... ዷ! ሰው እንዴት በአባይ ውሃ ይመቀኛል?!"

ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሐጃ ሰላምታቸውን ለድመቷ ሰጥተው ያልፋሉ። መምህሩ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ፈገግ ይላሉ... ይሄ ደግሞ ይብሱን ያበግናቸዋል።

ባለፈው ወር ሐጃ በቃኝ አሉ። በረንዳቸው ላይ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ማስታወቂያ ሰቀሉ።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸው ጋ ቡና ስጠጣ፣ የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ኡስታ ሸሓታ መሣሪያውን ተሸክሞ በራቸው ላይ ቆመ።

"ጩኸቱን ላጠፋ ነው የመጣሁት ሐጃ።"

"ጩኸቱ እኮ ከታች ነው! ሂድና ሰውየውን ጠግነው!"

ኡስታ ሳቀ። የኩሽናውን ቧንቧ እስከ ጥጉ ከፍቶ ባንዴ ዘጋው።

ዷ!

"ሰማኸው?!" አሉ ሐጃ ወደ ወለሉ እየጠቆሙ።

እንደገና ከፈተ። አሁን ቀስ... አድርጎ ዘጋው።

ጭጭ።

"አሁን ደክሟቸው ነው?" አለ ኡስታ። "ውሃው በፓምፕ ግፊት እየበረረ ይመጣል ሐጃ። ድንገት ሲዘጋበት ቧንቧውን በጭንቅላቱ ይገጨዋል። ቧንቧው ደግሞ ከማሰሪያው ወልቋል... ግድግዳውን የሚደበድበው እሱ ነው።"

ግፊቱን ለካ፣ በዝቶ አገኘው፣ ቀነሰው። የላላውን ቧንቧ ጎማ አልብሶ ከግድግዳው ጋር አጠበቀ። ከማሽኑ ጀርባ ውስጧ አየር ያለባት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ገጠመ። ምቱን እሷ ትውጠዋለች።

ማሽኑ ውሃ ሞላ... አቆመ... ምንም!

ሐጃ ራሳቸውን ያዙ። "ስድስት ዓመት! በሰውየው ላይ ያወረድኩት እርግማን!"

ኡስታን ምላሱ አዳለጠው። "እኔማ ቧንቧው መሆኑን ለመምህሩ ያኔውኑ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ነግሬያቸው ነበር። ዛሬም የላኩኝ እሳቸው ናቸው።"

"ምን?!"

ሐጃ ነጠላ ጫማቸውን እያንጣጡ ወረዱ። እኔም ተከተልኩ... ለመገላገል ነው፣ ለወሬ አይደለም።

"አንተ ሰውዬ! እያወቅህ?!"

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

"ያኔ ባለቤቴ የሞተችበት ዓመት ነበር ሐጃ። ልጆቼም ባሕር ማዶ ናቸው። ኡስታን የጠራሁት ሊሠራው ነበር። ግን እርስዎ ከላይ በዘነዘና ሲመልሱልኝ ተውኩት... ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እህትዎ ጋ ጣንጣ ከተማ ሄደው አሥር ቀን የቆዩ ጊዜ እኮ ልታመም ነበር።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ?"

"ማስታወቂያውን አየሁት። እርስዎ ከሚሄዱ ቤቱ ጸጥ ይበል አልኩ።"

ሐጃ የመምህሩን በር በጣታቸው አንኳኩ።

"በር የሚባል ነገር መኖሩን ጂኦግራፊ አያስተምርም?" አሉ። "አርብ ለምሳ ሙሉኪያ፣ የቅጠል ወጥ እሠራለሁ። ይምጡ። ካረፈዱ አልጠብቅም!"

ማስታወቂያው ወረደ።

ባለፈው አርብ እኔም ተጋብዤ ነበር። መምህሩ አንዴ ጎርሰው "ጨው ትንሽ..." ብለው ጀመሩ። እስከ አሥር ሰዓት ሲጨቃጨቁ ዋሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ወዳጆቼ... ጎረቤታችሁን ከመርገማችሁ በፊት የራሳችሁን ቧንቧ ቀስ ብላችሁ ዘግታችሁ አድምጡ። ደግሞ ብቸኝነት የጠናበት ሰው ጠብንም እንደ ጨዋታ ይቆጥረዋል። እዚያ ሳይደርስ በሩን አንኳኩለት።

እናንተ በሐጃ ቦታ ብትሆኑ መምህሩን ለምሳ ትጠሯቸው ነበር... ወይስ ቤቱን ትሸጡት ነበር? እውነቱን ብቻ ጻፉልኝ!