ዋስ በስሙ ይጠራል

ባንኮች ቤትና መኪናን ትተው ትዝታን በመያዣነት መቀበል ከጀመሩ ወዲህ፣ ደላላ ከደጅ አይጠፋም።

የዛሬው ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ «ጋሼ፣ ይኼ የውጭ ባንኮች የዋስትና ሰነድ ነው። ትርፉ በየወሩ እጥፍ ነው። ብቻ በምስጢር ይያዙት፤ ባንክ ሄደው ቢጠይቁም አያውቁትም» አለ።

አቶ ጥሩነህ ጣታቸውን ደላላው ወዳመጣው የትዝታ መቅጃ ማሽን ዘረጉ። ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን ለቀም አደረጉት። ባለፈው ዓመት ባላቸው በእንዲህ ያለ ሰነድ ስለ አንድያ ልጃቸው የነበራቸውን ትዝታ አስይዘው፣ ሰነዱ ባዶ ወረቀት ሆኖ ትዝታው እንደወጣ ቀርቷል።

«ዋስ በስሙ ነው የሚጠራው» አሉት ደላላውን። «ባንኩ ማን ይባላል? እኔው ሄጄ ልጠይቀው።»

ደላላው ማሽኑን ሰብስቦ ውልቅ አለ።

«ምነው፣ እንግዳ ታባርሪያለሽ?» አሉ አቶ ጥሩነህ ተቆጥተው።

«አንተ ሰው! ማስተዋልን የወሰዱብህ እኮ እንዲህ እያሉ ነው!»

አቶ ጥሩነህ አንገታቸውን ደፉ። «እውነትሽን ነው። ማስተዋል ጎድሎኛል።»

ልጃቸው ማስተዋል የአባቷን እራት እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

አቶ ጥሩነህ ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሚስታቸው ዘወር አሉ። «ይህቺ ልጅ ዛሬም መጣች? ሰው የላትም እንዴ?»