የአባዬ እግርና የጠጠሩ መኪና

ነገ ጠጠር ላይ እወዳደራለሁ። አስፋልት ቢሆን የመኪናዋ ኮምፒውተር ይበቃ ነበር፤ በጠጠር ግን መኪና መንሸራተቷ የሚገባት የሰው እግር ስሜት በገመድ ስትዋስ ነው። ያዋሰው ሰው ውድድሩ እስኪያልቅ እግሩ አይሰማውም። የእኛን መኪና በየዓመቱ የሚያውሳት አባዬ ነው።

ገመዱ ቆሻሻ እግር ላይ ስለማይጣበቅ፣ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሳፋ ይታጠባል። እኔ ከማንቆርቆሪያው ሙቅ ውሃ እጨምርለታለሁ።

«አባዬ፣ ሞቀህ?»

«ምን ይሞቃል! ጨምሪ፣ አትሰስቺ።»

እጄን ብከት ጮኼ አወጣሁት። የሱ እግር ቲማቲም መስሏል፤ እሱ ያፏጫል። ገመዱ እኮ ገና አልነካውም! ከአምናው ውድድር በኋላ ስሜቱ ተመልሷል ብሎኝ ነበር።

«ዋሸኸኝ!» ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ ደፋሁበት።

«ትንሽ ደንዝዞ ነው፣ ሐመልማል። አንቺ ብቻ አሸንፊ።»

«ሠርጌ ላይ በምንህ ልትጨፍር ነው? በጆሮህ?»

«አንቺን ደግሞ ማን ደፍሮ ያገባሻል!»

ሳቅን። ከዚያ ገመዱን ከመኪናዋ ነቅዬ ወረወርኩት፣ መፍቻ አንስቼም እንደ ድሮ ሰው የጎማዎቹን ሞላ ለጠጠሩ እንዲመች በእጄ ማላላት ጀመርኩ።

«ያለ እግር መጨረሻ ነው የምትወጪው» አለኝ።

«ልውጣ። መጨረሻ የወጣ ሰው አይሞትም።»

እግሩን ከሳፋው አውጥቶ አደረቀ። ቆይቶ «ጎማውን አምጪው እስቲ» አለኝ። አንከባልዬ ወሰድኩለት። በእጁ አውራ ጣት ጫን፣ ጫን አደረገው።

«ጠጥሯል፤ ጠጠሩ ላይ ይዘልብሻል። ትንሽ ንፋስ ቀንሺለት።»

ተመስገን፣ ጣቱ ይሰማዋል።