የሌሊቱ ጥበቃ

ሁለቱ መኪኖች ኮረብታው ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሰዒዳ ሻሿን ወደ አገጯ ስባ በመካከላቸው ትሰማለች።

ባለ ነጩ መኪና ከአዲስ አበባ የመጣ የአንደኛው የስልክ ኩባንያ ሰው ነው። የሌላኛው ተወካይ ዓብዱልመጂድ፣ የከሚሴ ልጅ። ሁለቱም ይህን የሰዒዳን መሬት ይፈልጉታል፤ እዚህ የተተከለ አንቴና ከጨፋ ሮቢት እስከ ቦርከና ወንዝ ማዶ ያለውን መንደር ሁሉ ያዳርሳል። ቀድሞ የተከለ ገበያውን ይወስዳል። አንዱ ኢንተርኔታችን አይቆራረጥም ይላል፤ ሌላው የእኛ ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው ይላል። ሰዒዳ ግማሹን አልተረዳችውም። መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ቃል ይገባሉ፦ ልጇ ሙሀመድአሚን የአንቴናው ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል።

የልጁ ፊት ይበራል። እኩዮቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረዋል፤ እሱም ሥራ ካላገኘ ማሽላው እንደታጨደ እንደሚከተላቸው ነግሯታል።

እንግዶቹ ያላነሱትን እናትና ልጅ ያውቁታል። የቀድሞው አንቴና እዚሁ ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ ባሏ ሙህዲን። አንድ ምሽት ባትሪውን ሊዘርፉ ሰዎች ሲመጡ ደወለላት። አነሳች። «ሰዒዳ» አላት። ሽቦውን የቆረጡት ያኔ ነው፤ አንቴናው ድምፁን ይዞበት ዝም አለ። አስከሬኑን ያወረዱት ጎረቤቶች ናቸው። ብረቱም ቆይቶ ተነቅሎ ተወሰደ፤ የቀረው የሲሚንቶው መሠረት ብቻ ነው። እሷ እስከ ዛሬ እዚህ ወጥታ አታውቅም። ግን ሲመሽ፣ ከብት ስታስገባም ሆነ እሳት ስታዳፍን፣ ሙህዲን ስሟን ይጠራታል። ዞር ትላለች። ቀጥሎ የሚለውን ትጠብቃለች። አይጨርሰውም።

«እማ፣ ሥራ ነው» ይላታል ልጇ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባሕሩ ይሻልሻል?»

እሷ ወደ ሰዎቹ ዞራ ሌሊት ማን እንደሚያድር ትጠይቃለች። እሱ ነዋ፣ ይላታል ባለ ነጩ መኪና፤ ቀንማ ማን ይደፍራል።

«እንግዲያው ቀኑን እሱ ይያዝ» ትላለች። «ሌሊቱን እኔ።»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ የሴት ዘበኛ ቀጥረው እንደማያውቁ፣ እሷ እቤቷ ተቀምጣ ኪራዩን ብትቀበል እንደሚሻል ይነግራታል። ዓብዱልመጂድ ፈገግ አላለም። ሲሚንቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ መኪናው ውስጥ ገባ። እዚህ ኔትዎርክ ስለሌለ ለአለቆቹ ለመደወል እስከ አስፋልቱ መውረድ ነበረበት።

ሲመለስ «ይሁን ብለዋል» አለ። ከዚያ እንደ ዘመድ ቀረብ ብሎ፣ «ግን እናታችን፣ ሌሊት እዚህ ብቻዎን አይፈሩም?»

«እኔ የምፈራው እቤቴ ሆኜ ነው።»

መኪኖቹ ተከታትለው ወረዱ። ልጇም ከብቶቹን ሊያስገባ ወደ ቤት ወረደ። እሷ ቆየች፤ ከአሁኑ ልልመደው ብላ። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፤ የቀን ሙቀት አልለቀቀውም። ከታች የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሸለቆው ከማሽላው ጀምሮ ጠቆረ።

ቁልቁል ስታይ ቤቷን አየችው። ከዚህ ላይ በሩ ፊት ለፊት ነው። ሙህዲን በየምሽቱ ይህን በር ሲያይ ያድር እንደነበር አንድም ቀን አልነገራትም።

ሙሀመድአሚን ጣት የሚያክል ሆኖ ወደ ቤት ሲገባ ይታያታል። መብራት አበራ። በሩን ግን ወለል አድርጎ ተወው፤ ብርሃኑ ደጁን አልፎ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ላይ ይወድቃል። ከመንገዱ ላይ ለቆመ ሰው ሁሉ ቤቱ ክፍት ነው።

ዝጋው ልትለው ስልኳን አወጣች፤ ደወለች። ኔትዎርክ የለም። ቆማ እንደገና ደወለች። ስሙን ጠራችው፤ ነፋሱ ከአፏ ነጠቃት።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ብርሃኑን ታያለች።